«ኵርዓተ ርእሱ»፦ ኩራት ነው ወይስ ኩርኩም?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የጎንደር ልጅ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ከአያቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ሄጄ፣ ግድግዳው ላይ የእሾህ አክሊል የደፋ የጌታ ሥዕል አየሁ። አጠገቡ በቀይ ቀለም 'ኵርዓተ ርእሱ' ይላል። አያቴ 'የራሱ ኩራት ማለት ነው' አሉኝ። ትግርኛ የምትናገር የዶርም ጓደኛዬን ስጠይቃት 'ኩርዓት እኮ ኩራት ነው' አለችኝ። አንድ አስጎብኚ ደግሞ ለፈረንጆች 'ይሄ የጎንደር ነገሥታት ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት ሥዕል ነው' ሲል ሰማሁት። ቃሉ ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ያየሁትስ ያኛው ሥዕል ነው?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ልስጥሽና ጊዜ ካለሽ ረጅሙን ታነቢያለሽ። ኩራት አይደለም፤ መመታት ነው። «ኵርዓተ ርእሱ» ማለት «የራሱ መመታት» ነው፤ ራስ ስል ጭንቅላቱን ማለቴ ነው። ያየሽው ሥዕልም ነገሥታቱ ይዘውት የሚዘምቱት አይደለም። እሱ ከአገር ከወጣ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። አስጎብኚው ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን አያትሽን አትንኪብኝ። የሰጡሽ ትርጉም ከሜዳ የተነሣ አይደለም። አማርኛ ከግእዝ ሲወርስ እንደሚያደርገው ነው ያደረጉት። ግእዝ በጉሮሮ የሚጠራቸውን ፊደሎች አማርኛ ዋጥ ያደርጋቸዋል። ሰምዐ የነበረው ሰማ ሆነ። በልዐ የነበረው በላ ሆነ። በዚሁ መንገድ ስትሄጂ «ኰርዐ» የሚለው ቀጥ ብሎ «ኮራ» ላይ ያደርስሻል፤ «ኵርዓት»ም «ኩራት» ላይ። «ርእስ» ደግሞ «ራስ» ይሆናል። በአማርኛ «ራሱ» ስንል ጭንቅላቱንም፣ እሱነቱንም ማለታችን ነው። ስለዚህ «ኵርዓተ ርእሱ» በአማርኛ ጆሮ ሲሰማ «የራሱ ኩራት» ቢመስል ምን ይገርማል? ዕድሜ ልኳን ቅዳሴ ያስቀደሰች ሴት በጆሮዋ የሠራችው ትርጉም ነው።

ጓደኛሽም በቋንቋዋ ልክ ናት። ትግርኛ ያንን የጉሮሮ ድምፅ አልጣለውም። በትግርኛ ኮርዐ ማለት ኮራ ማለት ነው፤ ኩርዓት ደግሞ ኩራት። ፊደሉን ብታስተያዪው ሥዕሉ አጠገብ ካለው ጋር አንድ ነው ለማለት ምንም አይቀረውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ ሁለት ቋንቋ ከመሰከረ ምን ቀረ?» ብሎ ይዘጋዋል። እኔም የተማረ ሰው ሳይቀር እንዲህ ብሎ ሲከራከር ሰምቻለሁ።

የቀረው ነገር ጽሑፉ በአማርኛም በትግርኛም አለመሆኑ ነው። ግእዝ ነው። ግእዝ ኩራትን ሲፈልግ «ትዕቢት» ይላል፣ «ትምክሕት» ይላል፣ «ትዝኅርት» ይላል። በግእዝ «ኰርዐ» የሚለው ግሥ ሥራው ሌላ ነው፤ ራስን መምታት ነው። ጀርባን አይደለም፣ ጉንጭን አይደለም፣ ራስን። ለጀርባ «ቀሠፈ» አለለት፤ ለጉንጭ ጥፊ «ጸፍዐ» አለለት። ግእዝ እንዲህ ባለ ነገር አይሳሳም፣ ለየቦታው የየራሱን ግሥ ይሰጣል። በአማርኛ በትርጉም የሚቀርበው «ኩርኩም» ነው። ክፍል ውስጥ ሲያወራ የተገኘ ልጅ አናቱ ላይ የሚቀምሳት ያቺ ነገር ማለት ነው። ተጠንቀቂ ታዲያ፦ ኮረኮመና ኰርዐ በድምፅ ስለተቀራረቡ ወንድማማች ናቸው እያልኩ አይደለም። የድምፅ መመሳሰል አያትሽን የት እንዳደረሳቸው አይተሻል። በትርጉም ግን ጎረቤታሞች ናቸው።

ማስረጃው የት አለ ካልሽኝ ወንጌሉ ላይ ነው። ማቴዎስ 27 እና ማርቆስ 15 ላይ ወታደሮቹ ጌታን ሲያፌዙበት ያለውን ቦታ አውጪ። ቀይ ልብስ ያለብሱታል። የእሾህ አክሊል ጎንጉነው ራሱ ላይ ይደፉበታል። እንደ በትረ መንግሥት መቃ ያስይዙታል። ተንበርክከው «የአይሁድ ንጉሥ ሆይ» እያሉ ይሳለቁበታል። ከዚያ ያንኑ ያስያዙትን መቃ ይቀሙትና ራሱን ይመቱበታል። ግእዙ እዚህ ጋ «ኰርዕዎ ርእሶ» ይላል፤ «ራሱን መቱት» ማለት ነው። የሥዕሉ ስም የተቀዳው ከዚህ ነው። ግሡ ወደ ስም ሲለወጥ ኵርዓት ይሆናል። ከ«ርእሱ» ጋር ሲናበብ መጨረሻው ወደ «ተ» ይዞራል፣ ኵርዓተ ርእሱ። «ቤተ ክርስቲያን» ስንል «ቤት» የሚለው «ቤተ» እንደሚሆነው ያለ ነው።

ድርጊቱን ትንሽ ቀረብ ብለሽ እዪው። አክሊሉ እሾህ ነው። ራሱ ላይ ተደፍቷል። ከዚያ ከላይ በመቃ ሲመታ መቃው የሚያርፈው አክሊሉ ላይ ነው፤ እሾሁ ደግሞ ወደ ታች ይገባል። ለዚህ ነው ሠዓሊዎቻችን ግንባሩ ላይ ያሉትን የደም ጠብታዎች ከአክሊሉ ጠርዝ የሚያስጀምሯቸው። በሚቀጥለው ስትሳለሚ ልብ በይ፤ ጠብታዎቹ ከእያንዳንዷ እሾህ ሥር ቁልቁል የወረዱ ናቸው።

ደግሞ ቃሉን ከዚህ በፊት ሰምተሽዋል። ማን አወቀ፣ በየዓመቱ ሰግደሽበት ይሆናል። በስቅለት ዕለት የሚነገሩትን አሥራ ሦስቱን ሕማማተ መስቀል አስታውሺ። ተአስሮ ድኅሪት የኋሊት መታሰሩ ነው። ተጸፍዖ መልታሕት ጉንጩን በጥፊ መመታቱ ነው። ተቀሥፎ ዘባን ጀርባውን መገረፉ ነው። ከእነዚህ ጋር «ተኰርዖተ ርእስ» የሚል አለ፤ ራሱን መመታቱ። የእኛው ቃል ነው፤ መነሻው ላይ «ተ» ስለገባች ብቻ ተደራጊ ሆኗል። ቀጥሎ የሚጠራው ደግሞ አክሊለ ሦክ ነው፤ የእሾህ አክሊል። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሥዕሉም ላይ ጎን ለጎን ናቸው። አያትሽ ይህንን የሰሙት ካንቺ በላይ ነው። «እማማ፣ ተኰርዖተ ርእስ የሚባለው እኮ ነው» በያቸው፤ ያለ እኔ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የመምታት ስም እንዴት የሥዕል ስም ሆነ?

የኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንደ ዘመኑ ሠዓሊ ሥራ ርእስ አይወጣለትም። ሠዓሊው ተቀምጦ «ይህንን ምን ልበለው?» አይልም። ሥዕሉ የሚጠራው በላዩ ላይ በሆነው ነገር ነው። የሠርግ አልበም ስታገላብጪ «ይሄ ሽምግልና ነው፣ ይሄ ቅልቅል ነው» እንደምትዪው ማለት ነው፤ «የቅልቅሉ ፎቶ» ለማለት እንኳን አትቸገሪም። «ስቅለት» ስንል ድርጊቱንም በዓሉንም ሥዕሉንም ነው። «ጥምቀት»ም እንደዚያው። በብራና መጻሕፍት ላይ ደግሞ ከሥዕሉ አጠገብ በአብዛኛው «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር ጽሑፍ ታገኛለሽ። «እንዴት እንደ… » ማለት ነው። ዘከመ ሰቀልዎ፣ እንዴት እንደሰቀሉት። ዘከመ ኰርዕዎ ርእሶ፣ ራሱን እንዴት እንደመቱት። ከዚያ ዐረፍተ ነገር ግሡን ወደ ስም ጠቅለል ስታደርጊው «ኵርዓተ ርእሱ» ይወጣልሻል። ሙሉ ስሙን ልጥራ ካልሽ «ሥዕለ ኵርዓተ ርእሱ» ነው። ሰው ግን «ሥዕለ»ን ይተዋታል፤ ስም ሲለመድ ያጥራል።

ስለ ሥዕል ስም ካነሣን አይቀር፣ ተመሳሳይ አወዛጋቢ ስም አንድ ልጨምርልሽ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ይባላል። ብዙ ሰው «ምስለ»ን አይቶ «የተወደደው ልጇ ምስል» ብሎ ይተረጉመዋል። እዚህ «ምስለ» የገባችው «ጋር» ለማለት ነው፦ «ከተወደደ ልጇ ጋር»። ስለዚህ የሁለቱ ታዋቂ ሥዕሎች የተለመደ አጭር ስም ሥዕል የሚል ቃል ጭራሽ የለበትም፤ አንዱ መስተዋድድ ነው፣ አንዱ ምት ነው። እኔ ይህንን ነገር እወደዋለሁ። ስሙ ወደ ሰሌዳው አይጠቁምም፤ ሰሌዳው ላይ ወዳለው ሰው ይወስድሻል።

ኵርዓተ ርእሱ ላይ ግን አንድ እንቆቅልሽ አለ። ለስሙ መነሻ የሆነው ጥንታዊው ሥዕል ላይ መቺ የለም። መቃም የለም። ያለው ጌታ ብቻ ነው፤ ራሱ ዘንበል ብሎ፣ አክሊሉ ግንባሩን ተጭኖት። ታዲያ ምኑን አይተው ነው «መመታት» ያሉት? መልሱ አነባበባቸው ላይ ነው። አንድ አውሮፓዊ ተመልካች ይህንን ሲያይ የሕማም ምስል፣ ለብቻው ተቀምጠሽ የምታስቢበት ነገር ያያል። ግብረ ሕማማት (በሰሙነ ሕማማት የሚነበበው መጽሐፍ) ሲነበብ ያደገ የኛ ሊቅ ግን አክሊሉን ሲያይ ታሪኩ ከነቅደም ተከተሉ ይመጣበታል፦ አክሊል ደፉበት፣ መቃ አስያዙት፣ ራሱን መቱት። ሥዕሉን ወደ ንባቡ መለሰው፤ ስሙንም ከንባቡ ሰጠው። ኋላ የተሣሉ አንዳንድ የኛ ሥዕሎች ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ አክሊሉን በዘንግ ሲመቱ ታያለሽ። ስሙ መቺዎቹን ወደ ሥዕሉ ጎትቶ አስገባቸው እንበል? እኔ እንደዚያ ነው የማስበው። ስም ከሥዕል ይወጣል ብለን ስንጠብቅ እዚህ ጋ ሥዕል ከስም ወጣ።

«ጥንታዊው ሥዕል» ስል ምን ማለቴ ነው? አስጎብኚው ያለው እሱን ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በጎንደር ነገሥታት ቤት «ኵርዓተ ርእሱ» በመባል የሚታወቅ አንድ ሥዕል ነበር። በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቅባት ቀለም የተሣለ፣ ትንሽ፣ ለመያዝ የሚመች። ትውፊቱ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣለው ይላል። የሥነ ጥበብ ባለሙያዎች ደግሞ አሣሣሉን አይተው በ1500ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የነበረ የፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) ወይም የፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ ነው ይላሉ። የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አጼ ልብነ ድንግል የመጡት በ1520 ነው፤ ከመካከላቸውም ሠዓሊ ነበረበት። ስለዚህ ሥዕሉ እዚህ መድረሱ የሚገርም አይደለም። የሚገርመው የኛ ሰው ያደረገው ነው። የባዕድ አገር ሰሌዳ ነው ብሎ ጥግ አላስቀመጠውም። የግእዝ ስም ሰጠው፣ ሉቃስን ሠዓሊ አደረገለት፣ ከነገሥታቱ ጋር አዘመተው።

ጎንደርን አጼ ፋሲል በ1636 ከቆረቆሩ በኋላ፣ ከልጃቸው ከቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጀምሮ ሥዕሉ በዜና መዋዕል ውስጥ ከዘመቻ ጋር ሲነሣ እናገኘዋለን። ንጉሡ ሲዘምት ሥዕሉም አብሮ ይወጣል። በ1770 አካባቢ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም ጽፎታል። የክርስቶስ ራስ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የተሣለበት፣ የሉቃስ ሥራ ነው የሚባል፣ በጣም ትልቅ ጉዳይ ሲገጥም ከጦሩ ጋር የሚወጣ ሥዕል ነው ብሎ።

ሁልጊዜ ግን ድል ይዞ አልተመለሰም። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር ወደነበረው የስናር መንግሥት ዘምቶ ዲንደር ወንዝ አጠገብ ክፉኛ ተሸነፈ። ሥዕሉም ተማረከ። ጎንደር ይህንን ስትሰማ ምን እንደተሰማት መገመት አያስቸግርም። ንጉሥ ተሸንፎ ሲመለስ ሌላ ዘመቻ አለ ይባላል፤ ኵርዓተ ርእሱ ጠላት እጅ መቅረቱ ግን ሌላ ነገር ነው። በኋላ በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። «ተዋጅቶ» የሚለውን ቃል ልብ በይ፤ ለዕቃ አንጠቀምበትም፣ ለምርኮኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የግሌን ሐሳብ ልጣል። ለጦርነት የሚወጣ ሥዕል ምን ዓይነት መሆን አለበት? ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ቢሆን ይገባኛል። ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቢሆን ይገባኛል። የጎንደር ነገሥታት የመረጡት ግን ሲመታ ዝም ያለውን ነው። የተዋረደ ንጉሥ ነው፤ አክሊሉ የፌዝ፣ በትሩ መቃ። ዘውድ የደፋ ሰው ይህንን ፊት ለፊቱ አድርጎ ሲወጣ ትርጉሙ አይጠፋውም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በአካባቢው ግእዝ አዋቂ ሞልቶ ነበርና። ተራው ወታደር ግን እንደ አያትሽ «ኩራት» ብሎ ሰምቶት ቢሆን አይደንቀኝም። ለዘማች ጆሮ «የራሱ ኩራት» የሚያስኬድ ነው።

ወደ መጨረሻው ምዕራፍ። አጼ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን አስዘረፉ፣ አቃጠሉ። ከጎንደርና ከሌላም ቦታ የተሰበሰበው ንዋየ ቅድሳትና መጽሐፍ መቅደላ ገባ። ኵርዓተ ርእሱም መቅደላ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ከቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባል ቦታ ላይ የገጠመው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ስቅለት ነበር። ካህናቱ «ተኰርዖተ ርእስ» የሚሉበት ዕለት። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ።

ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ተልኮ ነበር፤ ሪቻርድ ሆምስ ይባላል። ሥዕሉን ከንጉሡ አልጋ በላይ ተሰቅሎ አገኘው። ወሰደው። ለላከው ሙዚየም ግን አላስረከበም፤ ለራሱ አስቀረው። ያው ሰው የቴዎድሮስን አስከሬን ፊት ነድፎ ሥሏል። በአንድ ቀን አንዱን ራስ ሣለ፣ ሌላውን ራስ ወሰደ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1872፣ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ክብረ ነገሥት እና ኵርዓተ ርእሱ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን ምንም ዱካ አላገኘንም፣ ወደ እንግሊዝ የመጣም አይመስለንም የሚል መልስ መጣ። ሆምስ በዚያን ጊዜ የት ነበር መሰለሽ? በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የራሷ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር! ሥዕሉ በእጁ ነው፣ ደብዳቤው የመጣው ለአለቃው ነው፣ እሱ ዝም። ይህንን ታሪክ በነገርኩ ቁጥር ሰው ጨምሬ የምናገር ይመስለዋል። አልጨመርኩም።

የሥዕሉ ፎቶ በ1905 በርሊንግተን በሚባል የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ወጣ። ሆምስ በ1911 ሞተ። በ1917 ሥዕሉ ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ። በ1950 እንደገና ለጨረታ ቀርቦ አንድ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ገዛው፤ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። አልተመለሰም።

እንግዲህ ያየሽው ምንድን ነው? ቃሉ ሦስት ቦታ እንደሚውል ካየሽ መልሱ ቀላል ነው። አንደኛ፣ ድርጊቱ ራሱ ኵርዓተ ርእሱ ነው። ከዚያ ያ የነገሥታቱ ሰሌዳ የተጸውዖ ስም አድርጎ ያዘው። ከዚያ ደግሞ ከእሱ እየተቀዱ የተሣሉት ሁሉ፣ ግድግዳ ላይም ብራና ላይም በተካፋች የእንጨት ሥዕል ላይም፣ በዚያው ስም ተጠሩ። አንቺ ያየሽው ሦስተኛውን ነው። አስጎብኚው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀላቀለብሽ። ስሙን አልተሳሳተም፣ ዘሩንም አልተሳሳተም፤ አባቱን በልጁ ቦታ አቆመው እንጂ። በዚህ ብዙ ክርክር ይነሣል። አንዱ «ኵርዓተ ርእሱ እኛ ደብር አለ» ሲል ሌላው «እንግሊዝ ወሰደው» ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የግድግዳው ሥዕል የየትኛው ዘመን እንደሆነ ማየት ከፈለግሽ ፊቱንና ጀርባውን እዪ። በጎንደር የመጀመሪያው ዘይቤ፣ በ1600ዎቹ፣ ቀለሙ ደማቅና ዝርግ ነው፤ ከሰውዬው ኋላ ያለው ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። በምንትዋብና በልጃቸው ዘመን የገነነው ሁለተኛው ዘይቤ ፊት ላይ ጥላ ይጥላል፤ ጉንጭና አንገት ክብ ሆኖ ይታያል። ጀርባው ደግሞ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ እየተሻገረ ይሄዳል፤ ልብሱ አበባና ጥልፍ ይበዛበታል። ከዚህ አንዱንም ካላየሽና ቀለሙ እንደ ቤት ቀለም የሚያብለጨልጭ ከሆነ በአያትሽ ዕድሜ የተሣለ ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ ነውር አይደለም። ሥዕል እዚህ አገር ሲያረጅ ይታደሳል፤ ጥሩ ሥዕል ሲገኝ ይቀዳል። አንዳንዴ ቅጂው የቀረው በሌላ ምክንያት ነው። የጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች በ1932 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ፓሪስ ሄደዋል፤ በምትካቸው ቅጂ ተሰቀለ። ስለዚህ ጎንደር ላይ «ዋናው ነው ቅጂው?» ብሎ መጠየቅ ደግ ነው፤ አስጎብኚ ቅር አይበለው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ ኵርዓተ፣ ኩርዓተ፣ ኩራተ ተብሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ርእሱም ርዕሱ እየተባለ ይጻፋል። ትክክለኛው መነሻው «ኵ»፣ መካከሉ ዐይኑ «ዓ»፣ «ርእሱ» ላይ ደግሞ አልፋው «እ» ያለበት ነው። «ርዕስ» ብለን በዐይኑ መጻፍ የለመድነው ለጋዜጣና ለድርሰት ነው፤ ጭንቅላት ግን በግእዝ ርእስ ነው። ፍለጋ ላይ ግን ሁሉንም ሞክሪ፣ የሰው እጅ አይታመንም። በፈረንጅኛ የተጻፈ ካገኘሽ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ጣና ዳር ያለችውን ቆራጣን የድሮ ተጓዦች ከዚህ ቃል ጋር በሚመሳሰል ፊደል ይጽፏት ነበር። አጼ ቴዎድሮስ በ1866 የእንግሊዙን መልእክተኛ ራሳምን ያስቀመጡባት ቆራጣ ናት። ከተማዋ በ«ቆ»ና በ«ጣ» ነው የምትጻፈው፣ ከሥዕሉ ጋር በስም አትዛመድም። «ሥዕሉ ቆራጣ ስለነበረ ነው እንዲህ የተባለው» የሚል ጽሑፍ ከገጠመሽ እለፊው።